የእናቴ መሐላ እና የክንዴ ነገር

እናቴ ክንዴን ያየችው ሩዝ ሳጥብ ነው። ስልኩን ከቲማቲም ሳህን ጋር አስደግፌ፣ እጅጌዬን እስከ ትከሻዬ ሰብስቤ፣ እጄን ውሃ ውስጥ ነክሬ አወራታለሁ። እሷ ወሎ፣ ደጇ ላይ ተቀምጣ፣ ስለጠፋችው የጎረቤት ላም እያጫወተችኝ ነበር። ላሟ ሳትገኝ ወሬው ተቋረጠ።

«እስቲ እጅሽን ወደ ላይ አንሺው» አለችኝ።

አነሳሁት።

«ወዝወዝ አድርጊው።»

ወዝወዝ አደረግሁት። ከክንዴ ሥር የተንጠለጠለው ቆዳ እኔ ካቆምኩ በኋላ ትንሽ ቆይቶ ነው ያቆመው።

«ያረቢ» አለች እናቴ ቀስ ብላ። «ቆዳው አለ። ሴትዮዋ የት ሄደች?»

ሴትዮዋ የሄደችው በሐኪም ትእዛዝ ነው። ከዓመት በፊት እዚሁ ሪያድ አንድ ሐኪም ደሜን አይቶ፣ ስኳር በሽታ ደጅሽ ላይ ቆሟል፣ ገና አልገባም፣ በሩን ዝጊ አለኝ። ዘጋሁት። ሻዬን ያለ ስኳር ለመድሁ፤ ከትሪ ላይ የሚተርፈውን የሩዝና የሥጋ ፍርፋሪ «እንዳይጣል፣ ኒእማ ነው፣ የአላህ ጸጋ ነው» እያልኩ በራሴ ሆድ ማጽዳቱን ተውኩ። ለካ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የምሠራበትን ቤት ብክነት የምከላከለው እኔ ብቻ ነበርኩ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሃያ አራት ኪሎ ወረደልኝ። ሃያ አራት ኪሎ ማለት አንድ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ከነደብተሩ ነው። ልጁ ሲሄድ ቦርሳውን ክንዴና ሆዴ ላይ አንጠልጥሎት ሄደ እንጂ።

ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። ዋሸሁ ማለት ግን አይደለም፤ አልጠየቀችኝም። ስደውል ሒጃቤን እስከ አገጬ አጥብቄ ፊቴን ብቻ ነበር የማሳያት። በእኛ አገር ዓረብ አገር ሄዶ መክሳት ወንዝ ወርዶ እንደ መጠማት ነው። ሰው ወይ ታማለች ይላል፣ ወይ አያበሏትም ይላል፤ ደህና ናት ብሎ የሚገምት የለም።

«ሐኪም አዞኝ ነው እማ» አልኳት።

«ሰው እንዲከሳ የሚያዝ ሐኪም የት አገር ነው ያለው?»

«ጤነኛ ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ጤነኛ ሰው እንደ ተሰጣ ጨርቅ አይወዛወዝም» አለችና ማለች። «ወላሂ፣ አካልሽ ሞልቶ በዚህ በእጄ ጨብጬ እስካየው ድረስ ቅቤም፣ ሥጋም፣ ወተትም አፌ አይገባም።»

እናቴ ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ቀድሞም ሸንበቆ ናት፤ ያቆማት ቅቤው ነው። ሩዙን ትቼ ለመንኳት። መሐላ አሥር ድሃ በማብላት እንደሚፈታ፣ እኔ እዚያ ላሉት ዘመዶች ነግሬ ዛሬውኑ ማስደገስ እንደምችል ነገርኳት።

«አሥር ሰው ማብላት አያቅተኝም» አለችኝ። «ግን ልጄ እንዲህ ሆና ሰው ጠርቼ ባበላ የሙት ሰደቃ ይመስላል። ያላ፣ ሩዝሽን እጠቢ።»

የወንድሜ ሚስት በሳምንቱ በድምፅ መልእክት አረጋገጠችልኝ፤ እውነትም ሽሮና ጎመን ብቻ ነው የምትበላው፣ ወተት ሲቀርብላት ፊቷን ታዞራለች።

እንግዲህ ሁለት ሰዎች መካከል ገባሁ። ብወፍር ሐኪሙ፣ ባልወፍር እናቴ። ደግሞ ቀኑ ሩቅ አልነበረም። ሺፋ ሰፈር በሚገኘው ቤት የምንከባከባት አሮጊት፣ ሁላችንም ማማ የምንላት፣ እናቴን ዑምራ እንደምታስደርጋት ቃል ገብታልኝ ቪዛው በሂደት ላይ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ እናቴ መጀመሪያ ሪያድ እኔ ጋ ታርፋለች፣ ሳምንት ቆይታ ከቤተሰቡ ጋር ወደ መካ ትሄዳለች። እስከዚያ ድረስ ይህን ክንድ የሆነ ነገር መሙላት ነበረብኝ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ደግ ሐሳብ አልነበረም። በሚቀጥለው ስልክ ሁለት ሹራብ ደራርቤ ቀረብኩ። ውጭ ያለው ሙቀት አስፋልቱን ያቀልጠዋል።

«ሪያድ ውርጭ ጣለ እንዴ?» አለች እናቴ።

«የማቀዝቀዣው ነገር ነው እማ፣ ይበርዳል።»

«እና ለምንድን ነው ላብ ከአፍንጫሽ ጫፍ የሚንጠባጠበው? አውልቂው።»

አንዱን አወለቅሁ።

«ሁለተኛውንም።»

የዚያን ቀን ከዐሱር በኋላ ረጅም ኢስቲግፋር አደረግሁ፣ አላህን ምሕረት ለመንኩ። ማቀዝቀዣው ጠፍቶ ነበር።

መፍትሔው የመጣው በማማ ጉልበት በኩል ነው፤ ጉልበት ስል የሚታጠፈውን። ሐኪም እግሯ እንዲጠነክር ስፖርት አዘዘላትና ልጇ፣ ማዳም፣ ከቤታችን ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ያለ የሴቶች ጂም አስመዘገበቻት። በመጀመሪያው ቀን ደግፌ አስገባኋት። ማማ በሩ ላይ ቆማ ያን ሁሉ የተጣበቀ ሱሪ፣ ያን ሁሉ የሚዘል ሰው ተመለከተች። ከዚያ ጥግ ላይ ያለ ወንበር አይታ ሄዳ ተቀመጠችበት። ያ ወንበር ከዚያን ቀን ጀምሮ የእሷ ሆነ።

«እኔ አልዘልም» አለች። «ግን የተከፈለበት ነገር ይባክናል እንዴ? አንቺ በእኔ ፈንታ ዝለይ። እኔ አይሻለሁ።»

«ማማ፣ ጉልበቱ የሚያምሽ እኮ አንቺን ነው።»

«አንቺን ደግሞ ክንድሽ ነው። ሂጂ።»

እኔም ብክነት አልወድም። አባያዬን አውልቄ፣ በረጅም ቀሚስና በሱሪ፣ ሒጃቤን ሳልፈታ ብረቶቹ መካከል ቆምኩ። የትኛውን እንደምነካ ግራ ገብቶኝ «ያረቢ አንተው ምራኝ» ብዬ በአማርኛ ስል፣ ከኋላዬ አንዲት ቀጭን ልጅ «አሚን» አለች።

አሰልጣኟ ናት። ወላጆቿ የአገሬ ሰዎች፣ እሷ ግን እዚሁ ሪያድ ተወልዳ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ዓረብኛዋ ማር ነው። አማርኛዋን የተማረችው ግን ከእናቷ ብቻ፣ ያውም እናቷ ስትቆጣት ብቻ ይመስለኛል፤ ሌላ ዓይነት አማርኛ አታውቅም። በዓረብኛ «ውዴ፣ ዓይኔ፣ ኻለቲ» ትለኛለች፤ ኻለቲ አክስቴ ማለት ነው። ወደ አማርኛ ስትዞር ግን፦

«ምን ያጎብጥሻል? ቀጥ በይ። ዓይንሽ የት ነው ያለው? አንድ ነገር ሲነግሩሽ አትሰሚም እንዴ?»

ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። እኔ አርባ ሦስት። ግን እንዲህ ስትለኝ ወዲያው ቀጥ እላለሁ፤ በዚያ ቃና ለሚናገር ሰው መታዘዝ በልጅነቴ ነው አጥንቴ ውስጥ የገባው።

ችግሬን ነገርኳት። «ክንዴን ሙይልኝ። እናቴ ቅቤ መብላት አቁማለች።»

«ምን አገናኘው?»

መሐላውን ነገርኳት። ሳቀች፤ ቀጥሎ እኔ እንዳልሳቅሁ አየችና ክንዴን በመለኪያ ክር ለካች።

«ስብ አንመልስም። ጡንቻ እንሠራለን» አለች በዓረብኛ። «ቆዳውን ከውስጥ እንሞላዋለን። ሦስት ወር ትንሽ ነው፣ ግን ኢንሻአላህ የሚጨበጥ ነገር ይኖራል። እያንዳንዱን አሥራ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ዙር። በሳምንት ሦስት ቀን። ትንሹን ብረት ያዢ፤ ፈተና አለብኝ፣ ሁለት ሳምንት አልመጣም። ስመለስ ከባዱን እንጀምራለን።» ከዚያ በአማርኛ፣ «ደግሞ እኔ የለሁም ብለሽ እንዳትለግሚ።»

እኔ አልለገምኩም። ጥፋቱ ከዚያ የመጣ አይደለም።

ማማ ወንበሯ ላይ ሻይዋን በፔርሙዝ ይዛ፣ መቁጠሪያዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትቆጥርልኛለች። በመጀመሪያው ቀን አሥራ ሁለት ላይ ብረቱን አስቀመጥኩ።

«ምነው?» አለች ማማ።

«አለቀ። አሥራ ሁለት ነው የተባለው።»

መቁጠሪያዋን አየች። እኔን አየች። «አሥራ ሁለት ምንድን ነው? መቁጠሪያው ሠላሳ ሦስት ላይ ነው የሚቆመው።»

እውነቴን ልናገር፣ ለእኔም አሥራ ሁለቱ ከብዶኝ ነበር፤ ክንዴን ሳይሆን ሕሊናዬን። ከልጅነቴ ጀምሮ ከሶላት በኋላ ጣቶቼ የሚያውቁት ሠላሳ ሦስትን ነው። ሠላሳ ሦስት ሱብሃነላህ፣ ሠላሳ ሦስት አልሐምዱሊላህ፣ ሠላሳ ሦስት አላሁ አክበር፣ ከዚያ መቶ መሙያው። መልካም ነገር ሁሉ በዚህ ልክ ነው የተቆጠረልኝ። አሥራ ሁለት ላይ መቆም ሱሪን በአንድ እግር ለብሶ እንደ መውጣት ተሰማኝ። ደግሞ ሦስት ዙር ማለቷ፣ እኛስ ሦስት ዙር አይደል የምንለው? ልጅቷ እዚህ ተወልዳ ቁጥሩን ረስታው ይሆናል አልኩ።

ስለዚህ ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ ሦስት። ከዚያ ማማ «መቶ መሙያው» ስትል አንድ። በየዓይነቱ መቶ፣ መቶ። ዚክሩን ግን በልቤ እንኳ አላልኩትም፤ ቁጭ ብድግ ስሠራ ኋላዬ በሚገኝበት ሁኔታ የአላህን ስም ማንሳት አሳፈረኝ። ቁጥሩን ብቻ ተዋስኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፀጉሬን ማበጠር አቃተኝ። ክንዴ ከጆሮዬ በላይ አይሄድም። በየማለዳው ፀጉሯን የማበጥራት ማማ፣ ያን ቀን እኔን ፊቷ አስቀምጣ አበጠረችኝ፤ ስታበጥረኝም «አንገትሽን አታንቀሳቅሺ» እያለች የእኔን ንግግር ለእኔው መለሰችልኝ። ለሶላት ስቆም እጄን ለተክቢራ ማንሳት ራሱ ጂሃድ ሆነ። ሱጁድ ወረድኩ፤ መውረዱ ቀላል ነበር። መነሳት ሲመጣ ጭኖቼ እምቢ አሉ። ግንባሬን ምንጣፍ ላይ አድርጌ ዱዓ አበዛሁ፣ እንዲያው ጊዜ ለማግኘት። ማማ በጉልበቷ ምክንያት ወንበር ላይ ነው የምትሰግደው። በማግስቱ ሁለተኛ ወንበር ከጎኗ አስቀመጠችልኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሰባ ስምንት ዓመት አሮጊትና ብረት አንሺዋ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰገድን።

አሰልጣኟ ከፈተናዋ ስትመለስ ክንዴን ለካች። ክሩን ደግማ ዘረጋች። ደግማ ለካች።

«ቀንሷል» አለች። «ኻለቲ፣ ምን አደረግሽ?»

«ያልሽኝን። ትንሽ ጨመርኩበት እንጂ።»

«ስንት?»

«መቶ።»

መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ የእናቷ አማርኛ መጣ። «መቶ? ማን መቶ በይ አለሽ? የነገሩሽን አትሰሚ፣ ያልነገሩሽን ከየት ታመጫለሽ? ኧረ እኔስ ምን ባደርግሽ ይሻላል?»

እኔ ወደ ማማ ጠቆምኩ። ጥሩ ጠባይ አይደለም፣ ግን ጠቆምኩ።

አሰልጣኟ ወደ ወንበሩ ሄዳ በማር ዓረብኛዋ አስረዳች። ሰው እንዲሞላ ከተፈለገ ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ማንሳት አይበጅም፤ ጥቂት ጊዜ ከባድ ነገር ነው። ለዚያ ነው አሥራ ሁለት የተባለው።

«አሥራ ሁለት መሠረት የለውም» አለች ማማ።

«ማማ፣ ይሄ እኮ ብረት ነው።»

«ብረቱስ የማን ፍጥረት ነው?»

ልጅቷ ቆማ ጣሪያውን አየች፤ ተማሪ ናትና ሒሳብ ስትሠራ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «አሥራ አንድስ?» አለች። «አሥራ አንድ፣ ሦስት ዙር። በመካከሉ እረፍት። ሲደመር ሠላሳ ሦስት ነው።»

ማማ መቁጠሪያዋን ወሰደች። አሥራ አንድ አሳለፈች፣ ቆመች። አሥራ አንድ አሳለፈች፣ ቆመች። አሥራ አንድ። ጫፉ ላይ ደረሰች።

«አንቺ ልጅ በደንብ ነው ያደግሽው» አለቻት።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሥራ ሆነ። ብረቱ በየሳምንቱ ከበደ። በቀን አምስት እንቁላል ታዘዘልኝና ማዳም ፍሪጁን ከፍታ «በዚህ ቤት ውስጥ እባብ አለ እንዴ?» አለች። በስድስተኛው ሳምንት ገላዬን ታጥቤ ስወጣ መስታወቱ ላይ ክንዴ መሐል አንዲት ጉብታ አየሁ። እጠፈው፣ ትመጣለች። ዘርጋው፣ ትሄዳለች። ስንት ጊዜ እንዳመጣኋትና እንደሸኘኋት አላውቅም፤ ወደ ልቤ ስመለስ የመግሪብ አዛን አልቋል። ራስን አይቶ መደሰት ልብን እንደሚያበላሽ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ መስታወቱን በፎጣ እሸፍነው ነበር፤ አርብ አርብ ብቻ እገልጠዋለሁ።

እናቴ የምትመጣበት ቀን ሲቃረብ ባጥሐ ገበያ ወርጄ ለእሷ ጫማ፣ ለራሴ እጅጌው ጠበብ ያለ ቀሚስ ልገዛ ሄድኩ፤ ክንዱ እንዲታይ። እዚያ ልብስ የምትሸጥ የአገሬ ልጅ፣ የቆየች ወዳጄ፣ ቀሚሱን ለክታኝ እጅጌው ክንዴ ላይ ሲቆም አየች።

«እህቴ፣ ምን ሆነሽ ነው? ማዳምሽ ጫኝና አውራጅ አድርጋ ቀጠረችሽ?»

«ስፖርት ነው።»

«ተጠንቀቂ፣ ጢም ያበቅላል ይላሉ።»

«አንቺ ብረት አንስተሽ ነው ያበቀልሽው?» አልኳት። ወዲያው ተጸጸትኩና አውፍ በይኝ አልኩ፤ እሷ ግን ሳቅ እያነቃት እጅጌው ሰፋ ያለውን አመጣችልኝ።

ጫኝና አውራጅነቱ ግን እውነት ሆኖ ነበር። የቤቱን የጋዝ ሲሊንደር ሹፌሩን ሳልጠብቅ እኔው መቀየር ጀምሬያለሁ። አንድ ቀን የሞላ መስሎኝ፣ ጀርባዬን አቅንቼ፣ ተረከዜን ተክዬ፣ ትንፋሼን ይዤ ብድግ ሳደርገው ባዶ ኖሯል። ሲሊንደሩ ደረቴን አልፎ ወደ ጣሪያው ሊሄድ ነበር፤ እኔ የኋሊት ሄጄ ከሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ለአሰልጣኟ ስነግራት በዚያው ቃናዋ፣ «የምታነሺውን ሳታውቂ ለምን ታነሻለሽ? መጀመሪያ ነካ አድርገሽ አትሞክሪውም?» አለችኝ።

እናቴ መጣች። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ከሰው መካከል አወቀችኝ፤ ሰላምታ ሳትሰጠኝ በፊት እጇን ወደ ክንዴ ላከች። በአባያው ላይ ጨበጠችኝ። ጨምቃ ያዘች። እኔ በድብቅ እጥፍ አደረግሁት፣ ጉብታዋ እንድትመጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ክንዴ ነው እማ።»

«ክንድ ለስላሳ ነው። ይሄ የአጥር እንጨት ነው። ጠጥሮብሽ ነው? ያብጣል?»

«ጡንቻ ነው። ሠርቼው ነው።»

እንደ ቃዲ አሰበችበት። «ሞልቷል» አለች። «መሙላቱን ሞልቷል። አካል ግን አይደለም። እኔ የማልኩት ስለ አካል ነው።»

መሐላው አልተፈታም። ሦስት ወር ብረት ጎትቼ በአንድ ጭብጥ ተሸነፍኩ።

ቤት ስንደርስ ማማ ለእንግዳዋ ጠቦት አሳርዳ፣ በሩዝ ላይ አስተኝታ፣ የተነጠረ ቅቤ አፍስሳበት ጠበቀችን። እናቴ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ ቴምር በላች፣ ዳቦ በላች፣ ሰላጣ በላች። ማማ ትልቁን ሥጋ ወደ እሷ ገፋች። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመስግና መልሳ ገፋች። ማማ ገፋች። እናቴ ገፋች። በቋንቋ የማይግባቡ ሁለት አሮጊቶች አንድ የጠቦት ጭን እንደ መኪና ሲገፋፉ እኔ መካከል ተቀምጫለሁ። ሆዷን አሟት ነው ማለት ውሸት ነው። እውነቱን ተረጎምኩ።

ማማ እጇን ከሥጋው ላይ አነሳች። «ክንድሽን አልተቀበለችውም?»

«ጠንካራ ነው፣ አካል አይደለም ነው የምትለው።»

«እኔ የቆጠርኩትን ክንድ?» አለች ማማ። ፊቷ ተለወጠ። ስለ ሥጋው ተቀይማ ነበር፤ አሁን ስለ ራሷ ሥራ ተቀየመች። «አሳዪያት። አንድ ነገር አንሺ።»

«ምን ላንሳ ማማ? በምግብ ላይ እኮ ነን።»

በዚህ መሐል የዐሱር አዛን ተሰማ። እናቴ ለመነሳት እጇን መሬት ላይ ተክላ ታገለች፤ ጉልበቷ እምቢ አላት። ከኋላዋ ሄድኩና እጆቼን በብብቷ ሥር አስገባሁ። በልቤ ያለችው እናቴ እህል ከወፍጮ በጀርባዋ ተሸክማ የምትመለስ ሴት ናት። ለዚያች ሴት ነው የተዘጋጀሁት። ጀርባዬን አቀናሁ፣ ተረከዜን ተከልኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ብድግ።

ባዶው ሲሊንደር።

እግሮቿ ምንጣፉን ለቀቁ። ወደ ኋላ ተንገዳገድኩና ግድግዳው አቆመኝ። እናቴ ደረቴ ላይ ወጥታ፣ ባዶ እግሯ በአየር ላይ ሆኖ፣ በክንዶቼ መካከል ቀረች። በሦስት ወር እጄ ሚዛን ተምሯል፤ ይህን ያህል ነው ብዬ የማልሳሳትበት ደረጃ ደርሻለሁ። ሠላሳ ስድስት ኪሎ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከመሬት ከማነሳው ብረት ታንሳለች።

የጀመርኩት ሳቅ አፌ ላይ ቆመ።

«አውርጂኝ» አለች እናቴ።

«እማ፣ ማናችን ነን የከሳነው?»

«አውርጂኝ፣ ሰው ያየናል።»

«ለእኔ ብለሽ እኮ ነው ያለቅሽው። እኔ ጠፋሁ ብለሽ አንቺ ጠፋሽ።»

«እኔ ምያለሁ።»

እኔ መሐላ የምፈራ ሴት ነኝ። ዓረብ አገር ከመጣሁ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደማልኩ ብጠየቅ በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል። ትንሽ አሰብኩበት፤ ባፈርሰው አሥር ድሃ የማበላበት አቅም እንዳለኝም አሰብኩ። ከዚያ ማልኩ። «ወላሂ፣ ቅቤ እበላለሁ ሳትይ አላወርድሽም።»

እናቴ አንገቷን አዙራ አየችኝ። ከዚህ በፊት ማንም እሷ ላይ ምሎባት አያውቅም። እጆቿን አጣምራ «እናያለን» አለች፤ ክንዴ እስኪዝል ልትጠብቅ። መጠበቂያ እንዲሆናትም እንደ ልማዷ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። «ሱብሃነላህ። ሱብሃነላህ።»

ማማ አማርኛ አታውቅም፤ ይህን ግን አወቀች። መቁጠሪያዋን አነሳችና አብራ ገባች።

አሥራ አንድ ላይ ምንም አልተሰማኝም። ሃያ ሁለት ላይ ክንዴ መሞቅ ጀመረ፤ አሰልጣኟ «ምን ያጎብጥሻል» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ፣ ቀጥ አልኩ። ሃያ ስምንት ላይ መንቀጥቀጥ መጣ። እናቴ የምወድቅ መስሏት የተጣመሩ እጆቿን ፈታችና ክንዴን ያዘች። ቁጥሩን አላቋረጠችም፣ ግን ድምፅዋ ቀነሰ። ጣቶቿ ጉብታዋን አገኟት። ጉብታዋ እየሠራች ነበር፤ ትሞቃለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ታስራ ትፈታለች።

ሠላሳ ሦስት አለች ማማ በዓረብኛ፤ መቁጠሪያውን አስቀመጠች። እኔ አላወረድኩም።

እናቴ ክንዴን ደግማ ጨበጠችው፣ አሁን ቀስ ብላ። «ይሄ ነገር ይመታል» አለች። «ልብ ያለው ነው የሚመስለው።»

«አካል ነው እማ።»

«እንጨት አይደለም ለካ» አለች። «ጨብጬዋለሁ። ሞልቷል። አውርጂኝ፣ ዐሱር ያልፈናል፤ ቅቤውን ከሶላት በኋላ እበላለሁ።»

አወረድኳት። ሰገድን፤ ማማና እናቴ ወንበር ላይ፣ እኔ መሬት። ከሶላት በኋላ እናቴ ሥጋውን በላች። ቅቤው አገጯ ላይ ሲወርድ ማማ በራሷ መሐረብ ጠረገችላትና ሁለተኛ ቁራጭ ገፋችላት፤ መልሶ የሚገፋ አልነበረም።

ወደ መካ የምትሄድበት ጠዋት፣ ሻንጣው ደጅ ወጥቶ ሹፌሩ እየጠበቀ፣ ኮሪደሩ ላይ አስቆምኳት። ከኋላዋ ቆሜ እጆቼን በብብቷ ሥር አስገባሁ። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ነካ አድርጌ ሞከርኩ፣ ከዚያ ብድግ አደረግኳት።

«አውርጂኝ፣ አንቺ ባለጌ» አለች እናቴ። እጆቿን ግን አስቀድማ ከፍ አድርጋልኝ ነበር።

ማማ ከወንበሯ ላይ መቁጠሪያዋን አወጣች።

«ስንት ኪሎ ሆንኩ?» አለች እናቴ።